ንጹሕ መልክና ንጹሕ ሥራ
(ምላጭና መርፌ በሚያዝባቸው የሰፈር ሥራዎች ላይ ስለሚደረገው የጤና ቁጥጥር የቀረበ ትችት)

በሀገራችን ስለ ሕዝብ ጤና በተነገረ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «ጽዳት» የሚለው ነው። ቤቱ ይጠረግ፥ ደጁ ይጽዳ፥ ልብሱ ይታጠብ፥ መጸዳጃው ይቆፈር ይባላል። ይህ ትምህርት መልካም ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም ከተቅማጥ አድኗል። ነገር ግን መልካም ቃል ከቦታው አልፎ በማይመለከተው ነገር ላይ ሲውል ማሳሳቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ጽዳት» የሚለው ሐሳብ በአንድ ስፍራ፥ ይኸውም ምላጭና መርፌ የሰውን ቆዳ በሚነኩበት የሰፈር ሥራ ላይ፥ የተቆጣጣሪውን ዓይን እንዴት እንደሚያስት ማሳየትና ቁጥጥሩ ወደ ምን መዞር እንዳለበት መመርመር ነው።

«የሰፈር ሥራ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አስቀድመን እንግለጽ። ፀጉር አስተካካዩ አንገት ይላጫል፤ በሴቶች ፀጉር ቤት የጥፍር ሠራተኛዋ በጥፍር ዙሪያ ያለውን ሥጋ ትቆርጣለች፤ በየመንደሩ ጆሮ የሚበሱ፥ ድድ የሚነቅሱ፥ ዋግምት የሚያደርጉ፥ እንጥል የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ሐኪም ሳይሆን በየቤቱ እየዞረ መርፌ የሚወጋም አይታጣም። ከእነዚህ አንዳንዱ ፈቃድ ያለው ንግድ ነው፤ አንዳንዱ ከአባቶች የወረደ ልማድ ነው፤ አንዳንዱም ጉዳቱ ታውቆ የተወገዘ ነው። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ከሐኪም ቤት ግድግዳ ውጭ ሆነው የቀዶ ጥገና ሐኪም የሚጀምርበትን ሥራ ይሠራሉ፤ የሰውን ቆዳ ይከፍታሉ። ቆዳ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት የመጀመሪያው አጥር ነው። አጥሩ በተከፈተ ጊዜ ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ሰው ደም የሚያሻግረው ያው ስለቱ ነው።

ሕጉ ጉዳዩን እንዴት እንደሚያየው እንመልከት። ስለ ሕዝብ ጤና የወጣው አዋጅ ቁጥር 200/1992 ስለ ምግብና ስለ ውሃ ጥራት፥ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፥ ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ መታጠቢያና ስለ መዋኛ ስፍራ፥ ስለ አስከሬን አቀባበር፥ ስለ ተላላፊ በሽታ በየተራው ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪ እንዲሾምም አዟል። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 661/2002 ስለ ምግብ፥ ስለ መድኃኒትና ስለ ጤና ክብካቤ፥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ወጥተዋል። እንግዲህ ሕግ የለም ብሎ መክሰስ አይቻልም። ይሁን እንጂ ርእሶቹን በጥሞና ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ምግብ፥ ውሃ፥ ቆሻሻ፥ መድኃኒት ሁሉም ነገሮች ናቸው፤ ተቆጣጣሪው ሊይዛቸው፥ ሊመዝናቸው፥ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ሊልካቸው ይችላል። በሽታ በስለት ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ግን ነገር አይደለም፤ ድርጊት ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈጸማል፤ ከተፈጸመ በኋላም በወለሉ ላይ የሚታይ ምልክት አይተውም። ናሙና ለመውሰድ የተዘጋጀ ቁጥጥር ድርጊትን ሊይዝ አይችልም።

ይህ አመለካከት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከኮሚዩኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፥ በገጠሩ ሕዝብ ላይ ከባድ ሸክም ከነበሩት መካከል በውሃ፥ በዝንብና በአፈር የሚተላለፉት በሽታዎች ይገኙ ነበር። ስለዚህ ሳኒታሪያኑ ምንጭ እንዲያስከልል፥ መጸዳጃ እንዲያስቆፍር፥ ገበያውን እንዲጎበኝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ሴቶች ሠራተኞችን በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድብ፥ ከዋና ዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ይኸው የአካባቢ ጽዳት ሆነ። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ትችታችንም በእነርሱ ላይ አይደለም። ትችታችን ለውሃና ለመጸዳጃ የሠለጠነውን ዓይን ሳይለውጡ ወደ ምላጭና ወደ መርፌ በማዞሩ ላይ ነው።

አንድ ተቆጣጣሪ ወደ ፀጉር ቤት ገባ እንበል። ፈቃዱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ወለሉ ተጠርጓል፤ አስተካካዩ ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ፎጣው ታጥቧል፤ በአንድ ጥግ ሰማያዊ መብራት ያለባት ሣጥን ትበራለች። ተቆጣጣሪው ይህን ሁሉ አይቶ በጎ ማስታወሻ ጽፎ ይወጣል። ያላየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አንዱ ደንበኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ሌላው እስኪቀመጥ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ጊዜ ከእንግዲህ «የመካከል ጊዜ» እንበለው። በሽታው የሚሻገረው ወይም የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፈትቶ የሚላጭና ያገለገለውን በቆርቆሮ ጣሳ የሚከት ድኻ አስተካካይ፥ ወለሉ እንደ መስተዋት ከሚያበራው ነገር ግን አንዱን ምላጭ ለሦስት ሰው ከሚያውለው ይልቅ ለጤና የታመነ ነው። ከላይ የተጻፈው ምርመራ ግን ሁለተኛውን አመስግኖ የመጀመሪያውን ይቀጣል።

የመካከሉ ጊዜ ሥራ በምን ሚዛን ይመዘን? በዚህ ረገድ ሐኪም ቤቶች የሚከተሉት ደንብ ለሰፈርም ያገለግላል። በፊላዴልፊያ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኧርል ስፖልዲንግ መሣሪያዎችን በሦስት ክፍል ከፍሏቸዋል። ወደ ደምና ወደ ሥጋ የሚገባው መሣሪያ ከማናቸውም ሕይወት ካለው ተዋሲያን ፈጽሞ ነጻ መሆን አለበት፤ እንደ አፍ ውስጥ ያለውን ለስላሳ ቆዳ ወይም የቆሰለ ቆዳን የሚነካው በከፍተኛ ደረጃ መታከም አለበት፤ ደኅና ቆዳን ብቻ የሚነካው ግን በሚገባ ከጸዳ ይበቃል። የዚህ አከፋፈል ጥበብ መሣሪያውን በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሚነካው የአካል ክፍል መመዘኑ ነው። ማበጠሪያ ሦስተኛው ክፍል ነው። ምላጭ ግን ምንም እንኳ ለፀጉር ቢሠራ፥ ቆዳን ባደማ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይገባል። የጆሮ መብሻው መርፌና የድድ መንቀሻው ከመጀመሪያውም የመጀመሪያው ክፍል ናቸው። ማበጠሪያውንና ምላጩን በአንድ ጨርቅ ጠርጎ በአንድ ሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው ጽዳትን ጠብቆ ይሆናል፤ ሥራውን ግን አልለየም።

ስለ ሣጥኗም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሰማያዊው መብራት ጨረር ተዋሲያንን የመግደል ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም የሚገድለው በቀጥታ የሚያርፍበትን ብቻ ነው። ፀጉርና ቅባት ካለበት፥ ወይም መሣሪያው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ጥላ ከጣለበት፥ ከሥሩ ያለው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሣጥኗ የጸዳን መሣሪያ ለማስቀመጫ ትሆናለች እንጂ ያልጸዳውን አታነጻም። አልኮልም እንዲሁ ነው፤ ከንጹሑ አልኮል ይልቅ ውሃ የተቀላቀለበት የ70 ከመቶው ይበልጥ ይሠራል፤ እርሱም ቢሆን ረጥቦ የሚቆይበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ሽታውን እንጂ ጥቅሙን አይሰጥም። 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበረዝ 0.5 ከመቶ ይሆናል፤ ይህም ታጥቦ የተዘፈዘፈውን መሣሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ተዋሲያን ያጸዳዋል፤ ነገር ግን ደምና ቆሻሻ ካለበት ኃይሉ ይደክማል፤ ተበርዞም ካደረ አይታመንም፤ ብረትንም ይበላል። እንግዲህ አስተካካዩ «ቶንዶሴን በረኪና ውስጥ አልነክርም» ቢል እውነት አለው። ተቆጣጣሪው ይህን እውነት የማያውቅ ከሆነ ትእዛዙ ይናቃል፤ የሚናቅ ትእዛዝ ደግሞ ካለመታዘዝ የባሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ነገሩ ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ ሕዝቡ ራሱ ለምን አይጮህም? ምግብ ቤት የበላውን ሰው በማግሥቱ ሆዱን ሲያመው «ትናንት የበላሁት ነው» ይላል፤ ወሬው በሰፈር ይዛመታል፤ ባለቤቱም ገበያውን ፈርቶ ይታረማል። በምላጭና በመርፌ የሚተላለፈው በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ቢ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ድረስ ሳይታወቅ ይቆያል፤ ቫይረስ ሲ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ጉበትን ሊያደርቅ ይችላል። ሰውዬው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ወይም ሆዱ በውሃ ሲነፋ የላጨውን ሰው ፊት እንኳ አያስታውስም። ሕዝባችን የዓይን ቢጫነትን «የወፍ በሽታ» ብሎ ወፍንና የሌሊት ወፍን ሲጠረጥር መኖሩ ስንፍና አይደለም፤ ምክንያቱን ከውጤቱ የሚያገናኘው ጊዜ ከሰው ትዝታ ስለሚረዝም ነው። ከዚህም የተነሣ በአቤቱታ ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር በዚህ ጉዳይ ሊሠራ አይችልም። አቤት ባይ የለምና። የምግብ ቤቱን ጉድለት ገበያው በከፊል ያርመዋል፤ የምላጩን ጉድለት ግን የሚያርም ከመንግሥትና ከተማረው ሰው በቀር ማንም የለም።

በኤችአይቪ ረገድ የተሰጠው ትምህርት ብዙ እንደ ረዳ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በሀገራችን ከተመዘገቡ በኋላ «ስለት በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ምክር በየቦታው ተሰምቶ ብዙ ሰው የራሱን ምላጭ በኪሱ ይዞ ወደ ፀጉር ቤት መሄድ ጀመረ። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ በአንድ በሽታ ስም ስለ ታሰረ፥ ያ ፍርሃት ሲቀንስ ጥንቃቄውም አብሮ እንዳይቀንስ ያሰጋል። ከዚህም በላይ በበሽተኛ ደም በተነከረ መርፌ የተወጋ ሰው በኤችአይቪ የመያዙ ዕድል 0.3 ከመቶ ገደማ ሲሆን፥ ክትባት ያላገኘ ሰው በጉበት ቫይረስ ቢ የመያዙ ዕድል ግን እስከ 30 ከመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ቫይረስ በደረቀ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ለሕፃናት የሚሰጠው የዚህ በሽታ ክትባት በሀገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሕዝብ በሕፃንነቱ አላገኘውም። ለቫይረስ ሲ ደግሞ እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም።

የመካከሉን ጊዜ መዘንጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከጎረቤታችን ከግብፅ የበለጠ የሚያስተምር ሀገር የለም። በዓባይ ሸለቆ የሚኖረው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በቢልሃርዝያ ሲሠቃይ ኖሯል። የግብፅ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይህን በሽታ ለማጥፋት ታላቅ ዘመቻ አደረገ። መድኃኒቱ ታርታር ኤሜቲክ ይባል ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን አንዱ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ መወጋት ነበረበት። መርፌው ከመስታወት የተሠራና ተቀቅሎ ደግሞ የሚያገለግል ነበር። በየመንደሩ ሕዝቡ ተሰለፈ፤ ሐኪሙም ወጋ። የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ፥ መርፌው ጥቂት፥ ቀኑ አጭር ነበርና በአንዱ ክንድና በሌላው ክንድ መካከል የነበረው ጊዜ መርፌውን በሚገባ ለማንጻት የሚበቃ አልሆነም። ከቢልሃርዝያ ለመዳን የመጣው ገበሬ የጉበት ቫይረስ ሲን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ በግልጽ የወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቫይረስ ሲ ራሱ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የዘመቻውን መዝገብ ከበሽታው ስርጭት ጋር አነጻጽሮ፥ መርፌ በብዛት በተሰጠባቸው አካባቢዎችና በየዕድሜው ክፍል በሽታውም እንደ በዛ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2008 በግብፅ በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑት ሰዎች መካከል 14.7 ከመቶ የሚሆኑት የቫይረሱ ምልክት በደማቸው ተገኝቷል። ግብፅ ይህን ዕዳ ለመክፈል ብዙ ደክማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባደረገችው ዘመቻ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የታመሙትን በአዲሱ የሚዋጥ መድኃኒት አከመች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት በሽታውን ለማስወገድ በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጥቷታል። ሆኖም ጉበታቸው ደርቆ የሞቱት አልተመለሱም።

አንዳንድ ሰዎች «በዚያ ዘመን ቫይረሱ አልታወቀም ነበርና ማንም አይወቀስም» ይላሉ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። የቫይረሱ ስም አልታወቀም፤ አካሄዱ ግን ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን ሀገር በብሬመን ከተማ 1,289 የመርከብ ሠራተኞች ለፈንጣጣ ሲከተቡ፥ ከወራት በኋላ 191ዱ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ይህንንም ሉርማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 በጽሑፍ ገልጦታል። እ.ኤ.አ. በ1942 ከሰው ደም ውሃ ጋር የተዘጋጀ የቢጫ ወባ ክትባት ከተሰጣቸው የአሜሪካ ወታደሮች ወደ 50,000 የሚጠጉት በጉበት በሽታ ታመሙ። እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስለ መርፌ አጠባበቅና አነጻጽ መመሪያ አውጥቶ ነበር። እንግዲህ የግብፅ ዘመቻ ሲጀመር መርፌ የጉበት በሽታን እንደሚያሻግር በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኝ ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ አልነበረም፤ ያ ዕውቀት በመንደሩ ሰልፍ ፊት መጠበቁን ቆሞ የሚያይ ሰው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ በጎ አሳብ ከቁጥጥር ነጻ አያደርግም። እነዚያ ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቢልሃርዝያም እውነተኛ ጠላት ነበር። ነገር ግን የዘመቻው ውጤት በተወጋው ሰው ቁጥር በሚለካበት ጊዜ፥ መርፌውን ለመቀቀል የሚቆም ሰው ሥራ እንደሚያጓትት ይቆጠራል። የእኛም ተቆጣጣሪ በወር ስንት ድርጅት እንደ ጎበኘ ብቻ ቢጠየቅ፥ በአንድ ፀጉር ቤት ተቀምጦ የሁለት ደንበኞችን መላጨት ሊጠብቅ አይችልም፤ ፈቃዱንና ወለሉን አይቶ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛው ትምህርት፥ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለነጋዴውና ለባህል ሐኪሙ ብቻ አይደለም። በግብፅ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊ ሳይሆን የመንግሥት ዘመቻ ነበር። ስለዚህ የሚቆጥረውና የሚቆጣጠረው አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ስለ ቢልሃርዝያ ካነሣን ዘንድ የራሳችንን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳናስታውስ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ሲመለከት፥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ፤ ከዚያም ተነሥቶ የእንዶድን ጥቅም በምርምር አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጠው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የግኝቱ ዝና ብቻ አይደለም፤ አመለካከቱ ነው። ሌላ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር ቢቆም የውሃውን ንጽሕና ወይም እድፍ ያይ ነበር። እርሱ ግን ሰዎቹ የሚሠሩትን ሥራና ከሥራው በኋላ የሆነውን አየ። ከጤና ተቆጣጣሪ የምንሻው ይህን ዓይነት ዓይን ነው።

በዚህ አሳባችን ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «ድኻ ሀገር ነን፤ ለየፀጉር ቤቱ የእንፋሎት መቀቀያ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። መልሱ፥ አብዛኛው ሥራ መቀቀያውን አይሻም። አዲስ ምላጭ ለእያንዳንዱ ሰው መፍታት ዋጋው ጥቂት ነው። ለቶንዶሱ ሁለት ራስ ቢኖረው፥ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተቦርሾና ታጥቦ በአልኮል ውስጥ ይቆያል፤ እንዲህ ሲሆን ደንበኛው ሳይቆም የመካከሉ ጊዜ ይረዝማል። ድህነት የሚከለክለው ውድ መሣሪያን እንጂ ቅደም ተከተልን አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቁጥጥሩ ከጠበቀ ሥራው ወደ ጓዳ ይሸሻል» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የሚገባ ነው። ተቆጣጣሪ ከደጅ ሲታይ ምላጩን የሚደብቅ ሰው፥ ተቆጣጣሪው ሲሄድ መልሶ ያወጣዋል። ስለሆነም የመጀመሪያው ጉብኝት የትምህርት፥ ሁለተኛው የምርመራ፥ ሦስተኛው የቅጣት ቢሆን ይሻላል። ጆሮ የምትበሳውን እናት በፖሊስ ከማስፈራራት ይልቅ ለእያንዳንዱ ሕፃን ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ አዲስ መርፌ እንድትይዝ ማስተማር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚከብዳት አይሆንም። ይሁን እንጂ ለሁሉም አንድ መንገድ የለም። እንደ ሴት ልጅ ግርዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የተከለከለውን ሥራ «በንጹሕ ምላጭ ይሁን» ብሎ ማስተማር ክፉውን ሥራ ማጽደቅ ነው። በዚያ ስፍራ ንጽሕናን ማስተማር ሳይሆን ሥራውን ማስቀረት ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሕዝቡ ራሱ መርፌ ይወዳል» የሚል ነው። በእውነትም መርፌ ያልተወጋ ሕመምተኛ እንዳልታከመ የሚቆጥርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ ፍቅር መርፌ ወጊውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ይበልጥ ለመጠበቅ ምክንያት ይሆናል እንጂ። የሚዋጥ መድኃኒት በሚበቃበት ስፍራ መርፌ አለመስጠት ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ ነው፤ ያልተወጋ መርፌ በሽታ አያሻግርምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለተቆጣጣሪው የሚሰጠው የመመርመሪያ ቅጽ ይለወጥ። ስለ ግድግዳና ስለ ጋውን ያሉት ጥያቄዎች ወደ መጨረሻ ይውረዱ፤ በመጀመሪያው መስመር ግን እነዚህ አራቱ ይጻፉ፤ ምላጩ በደንበኛው ፊት ተፈታ ወይ? ያገለገለው ስለት የት ገባ? መሣሪያው ወደ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ታጠበ ወይ? በመድኃኒቱ ውስጥ ስንት ደቂቃ ቆየ? እነዚህን ለመመለስ ተቆጣጣሪው ቢያንስ ሁለት ደንበኞች እስኪያልፉ ድረስ መቀመጥ ይኖርበታል። የጎበኛቸው ቤቶች ቁጥር ይቀንሳል፤ የተገኘው እውነት ግን ይበዛል።

ሁለተኛ፥ የተገኘው ውጤት ለሕዝብ ይገለጥ። በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የየአካባቢው የጤና ቦርዶች ፀጉር ቤቶችን፥ የጥፍርና የንቅሳት ቤቶችን ይመረምራሉ፤ በሽታን በመከላከል ረገድ ከባድ ጉድለት ሲገኝም ለሕዝብ በይፋ ያሳውቃሉ። ከላይ እንዳልነው ደንበኛው በራሱ ሰውነት ጉዳቱን ቶሎ ሊያውቅ ስለማይችል፥ የሚያውቅለት ሰው ሊነግረው ይገባል። በእኛም ሀገር ፈቃዱ ከተሰቀለበት አጠገብ የመጨረሻው ምርመራ ቀንና ለአራቱ ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ በግልጽ አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሦስተኛ፥ መንግሥት ራሱ በሚያካሂዳቸው የክትባትና የሕክምና ዘመቻዎች ላይ፥ የተወጋውን ሰው የማይቆጥር ነገር ግን የመካከሉን ሥራ ብቻ የሚመለከት ሰው ይመደብ።

በመጨረሻ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረውን ሥራ እናመልክት። ስለ ሰፈር ሥራዎች የሚደረግ ጥናት ብዙውን ጊዜ አስተካካዩን ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያስብ ይጠይቃል። የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን አይሠራም፤ «አዎን፥ አጸዳለሁ» የሚለው መልስም ከነጩ ጋውን ጋር አንድ ዋጋ አለው። በመጪው ዓመት ለምርምር የሚወጡ ጓደኞቻችን የመጠይቁን ወረቀት ለጊዜው አስቀምጠው፥ በባለቤቱ ፈቃድ በአንድ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ቢቀመጡ፥ በእያንዳንዱ ሁለት ደንበኛ መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለፈና በዚያ ጊዜ መሣሪያው ምን እንደ ተደረገለት ቢጽፉ፥ ከብዙ የአስተያየት መጠይቅ የበለጠ ይጠቅማል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ነው።